ምዕራፍ 5፦ ያበጠ ሁሉ አይበቅልም

አንድ ዓመት፣ ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ አርሲ፣ ዴራ ካለው ቤቴ ጀርባ ሁለት መደብ ቦሎቄ ዘራሁ። በእያንዳንዱ መደብ 40 ፍሬ። ዘሩ ከአንድ ከረጢት የወጣ፣ አፈሩም አንድ ነው። የመጀመሪያው መደብ በሩ አጠገብ ስለነበር ጠዋትም ማታም በጆግ አጠጣው ነበር። ሁለተኛው አጥር ሥር ስለነበር የዘራሁ ዕለት አንዴ አጠጣሁትና ረሳሁት፤ ከዚያ ወዲያ የጠጣው ሰማይ የጣለለትን ብቻ ነው።

በአሥረኛው ቀን ቆጠርኩ። የተረሳው መደብ 33 ቡቃያ አውጥቷል። የተንከባከብኩት 11።

ጎረቤቴ ጠላ ጠምቀው የሚሸጡ ሴት ናቸው። መደቡ ላይ አጎንብሼ ሲያዩኝ በአጥሩ ክፍተት ገቡና አፈሩን በጣታቸው ጫር ጫር አድርገው አንድ ፍሬ አወጡ። ፍሬው አብጧል። ቆዳው ግን ልሟል፤ በሁለት ጣታቸው ሲጫኑት እንደ ተቀቀለ ድንች ፈረሰ። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱትና ለእኔም አቀረቡልኝ። የኮመጠጠ ጠረን አለው።

“ውሃ ጠምቶት መስሎህ ነበር?” አሉኝ። “ታፍኖ ነው የሞተው፣ ልጄ። ብቅል አብቅለህ ብታውቅ ኖሮ ይሄ አይጠፋህም ነበር።”

ይህ ምዕራፍ የእርሳቸውን አባባል የሚያብራራ ነው። በምዕራፍ 3 አፈር ውስጥ ስላሉት ቀዳዳዎች፣ በምዕራፍ 4 ደግሞ ውሃ በእነዚያ ቀዳዳዎች እንዴት እንደሚጓዝ አይተናል። አሁን እዚያ ውስጥ አንድ እንግዳ እናስገባለን፤ ዘርን። እንግዳው ውሃ ይጠጣል፣ ይተነፍሳልም። የጓሮ ዘር የሚከሽፈው ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ስለምንረሳ ነው።

ክክ ያየ ሰው የዘሩን ግማሽ አይቷል

አንድ የቦሎቄ ፍሬ ማታ ውሃ ውስጥ ይጨምሩና ጠዋት ያውጡት። ከመላጥዎ በፊት ጎበጥ ብሎ ወደ ውስጥ የገባውን ጎኑን ይመልከቱ። እዚያ ላይ ሞላላ ጠባሳ አለ። ፍሬው ቆባው ውስጥ ሳለ ከእናቱ ጋር ተያይዞ ምግብ ይቀበል የነበረው በዚያ በኩል ስለሆነ እምብርቱ ልንለው እንችላለን። ከእምብርቱ ጫፍ አጠገብ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ይታያል። ፍሬውን ቀስ ብለው ሲጫኑት በዚያ ቀዳዳ በኩል የውሃ ጠብታ ብቅ ይላል።

አሁን ቆዳውን ይላጡት። ፍሬው ለሁለት ይከፈላል። እነዚህ ሁለት ግማሾች ለኢትዮጵያ አንባቢ አዲስ አይደሉም፤ ክክ የምንላቸው ናቸው። ወጥ የሚሠራበት እያንዳንዱ የአተር ክክ የአንድ ዘር ግማሽ ነው። ለዕፅዋት ተመራማሪ ግን ክክ ቅጠል ነው። ተክሉ ገና ሳይወለድ የተዘጋጀለት፣ በስታርችና በፕሮቲን የታጨቀ ወፍራም ቅጠል። የመንገድ ስንቅ ነው ብንል ይቀለናል።

የመንገደኛው ቦታ በሁለቱ ክኮች መካከል፣ ከጠርዙ አጠገብ ነው። ቁመቱ ከስንዴ ፍሬ አይበልጥም። አንዱ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው፤ ሥር የሚሆነው እሱ ነው። በሌላው ጫፍ ላይ ሁለት የታጠፉ ቅጠሎች አሉ፤ አጉሊ መነጽር ያለው ሰው የቅጠሎቹን ጅማት ሳይቀር ያያል። ይህ ጽንስ ነው። በአግባቡ የደረቀ ፍሬ ከክብደቱ ከመቶ 12 ያህሉ ብቻ ውሃ ስለሆነ ጽንሱ የሞተ ይመስላል። ነገር ግን አልሞተም። ማታ ምድጃ ውስጥ በአመድ የተዳፈነ ፍም ከላይ ሲያዩት ቀዝቃዛ ነው፤ ሥሩ ግን እስከ ንጋት ይቆያል። ደረቅ ዘርም የተዳፈነ ፍም ነው።

ይህን ምስል በአእምሮዎ ይያዙት። የተዳፈነ ፍም የሚቀጣጠለው አመዱ ሲገለጥለትና እፍ ሲባልበት ነው። ለዘር አመዱን የሚገልጥለት ውሃ ነው፤ እፍታው ደግሞ አየር። አመዱን ገልጦ አየር መንፈግ ፍሙን ያጠፋዋል።

አሹቅም ይጠጣል

አሹቅ የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ባቄላው ይቆላል፤ ከዚያ ውሃ ውስጥ ይነከራል። አብጦ፣ ለስልሶ፣ ጨው ተነስንሶበት ይበላል። አሹቅ መሬት ውስጥ ቢቀበር እንደማይበቅል ልጅም ያውቃል፤ ምጣድ ላይ ሞቷልና። ታዲያ የሞተ ባቄላ እንዴት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል?

መልሱ የዚህ ምዕራፍ ግማሽ ነው። የዘር የመጀመሪያ መጠጣት ከሕይወት ጋር አይገናኝም። ድርቆሽ ወጥ ውስጥ ሲገባ እንደሚርሰው ሁሉ፣ ክኩ ውስጥ ያለው ስታርችና ፕሮቲን ውሃ ያገኘ እንደሆነ ይስበዋል። ደህና የቦሎቄ ፍሬ በአንድ ሌሊት የራሱን ክብደት ያህል ውሃ ጠጥቶ እጥፍ ይሆናል። የሞተውም እንዲሁ ያብጣል። ስለዚህ አፈር ጭረው ያበጠ ፍሬ ያዩ ሰው “ሊበቅል ነው” ብለው አይደሰቱ። እብጠቱ ውሃ መድረሱን እንጂ ፍሙ መያያዙን አይነግርዎትም።

የመብቀል ጉዞ ሦስት ምዕራፍ አለው። የመጀመሪያው ይህ መጠጣት ነው፤ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ይወስዳል።

ሁለተኛው ዝምታ ነው። ፍሬው መጠጣት ያቆማል፤ ከውጭ ሲያዩት ምንም አይለወጥም። ውስጡ ግን ሥራ በዝቷል። በድርቀት የተጎዱ የሴል ስስ ሽፋኖች ይጠገናሉ። ኢንዛይም የሚባሉት፣ ስንቁን ፈትተው የሚያከፋፍሉ ጥቃቅን ሠራተኞች ይነሣሉ። ስታርቹን ስኳር ወደሚሆን ቁርጥራጭ ይለውጡታል። ይህ ሁሉ ሥራ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበቱ የሚገኘው ስኳር በኦክስጅን ሲቃጠል ነው። ዘሩ የአየር ፍላጎቱ በብዙ የሚጨምረው እኛ “ምንም የለም” ብለን ደግመን ውሃ በምንደፋበት በዚህ ሰዓት ነው።

ሦስተኛው መውጣት ነው። ሥሩ በእምብርቱ አጠገብ ቆዳውን ቀድዶ ብቅ ይላል፤ ዘሩም እንደገና መጠጣት ይጀምራል። ከዚህ በኋላ መመለስ የለም። ዘሩ ሥር ሳያወጣ መልሶ ቢደርቅ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ ሥር ካወጣ በኋላ ቢደርቅ ግን ይሞታል። ዴራ አካባቢ ዝናብ አንድ ቀን ጣል አድርጎ ሳምንት ሲጠፋ ዘር የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው። ያ አንድ ዝናብ ዘሩን ቀስቅሶ መንገድ ላይ ይተወዋል።

በመጀመሪያው፣ በመጠጣቱ ምዕራፍ ላይ አንድ አደጋ አለ። በጣም የደረቀ ፍሬ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲጣል፣ የጋለ ምጣድ ላይ ውሃ እንደመድፋት ነው። ከላይ ያለው ክፍል አብጦ ውስጡ ገና ደረቅ ስለሆነ ክኩ ይሰነጠቃል። የሴሎቹ ስስ ሽፋን ሳይጠገን ውሃ ስለሚጥለቀለቅበትም ስኳርና ጨው ወደ ውጭ ያፈስሳል። ቦሎቄ የተዘፈዘፈበት ውሃ ሲያድር የሚደፈርሰው ለዚህ ነው። ይህ ያመለጠ ስንቅ አፈር ውስጥ ሲሆን ሻጋታን የሚጠራ ድግስ ይሆናል። “ቶሎ እንዲበቅል” ብሎ ዘርን ቀንና ሌሊት ዘፍዝፎ መዝራት ዘሩን የሚጎዳውም በዚሁ ነው። እርጥብ አፈር ውስጥ የገባ ደረቅ ዘር ቀስ ብሎ ይጠጣል፤ ቀስ ብሎ መጠጣት ደግሞ ይስማማዋል።

ብቅል የምታበቅል ሴት የምታውቀው

ወደ ጎረቤቴ እንመለስ። ብቅል ሲሠሩ አይቻለሁ። ገብሱ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይዘፈዘፋል። ከዚያ ውሃው ይጠነፈፋል፤ ደግሞም ተንጠፍጥፎ ይጠነፈፋል። እርጥቡ ገብስ በኮባ ወይም በጉሎ ቅጠል ይጠቀለልና ይቀመጣል። እየተከፈተ ይታያል፤ ሙቀቱ በእጅ ይዳሰሳል፤ ሥር ሲያበዛ ይበተንና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በሥራው ሁሉ ውስጥ ገብሱ ውሃ ውስጥ የሚውልበት ጊዜ አጭር ነው። ውሃ ውስጥ የረሳችው ሴት ብቅል ሳይሆን የሚከረፋ ገብስ ታገኛለች።

ይኸው ሕግ በትልቁ የሚሠራበት ቦታ ከዴራ ሽቅብ፣ እዚያው አርሲ ውስጥ አለ። አሰላ ብቅል ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመ ሲሆን የአርሲን ደጋ ገብስ ለቢራ ጠማቂዎች ብቅል ያደርጋል። ብቅል ፋብሪካዎች ገብስን በዘፈዘፉ ቁጥር ውሃውን አፍስሰው ለሰዓታት አየር እንዲያገኝ ያሳርፉታል፤ ከዚያ እንደገና ይዘፈዝፉታል። ሲበቅልም ቀዝቀዝ ያለ እርጥብ አየር በሥሩ ይነፋለታል። ያን ሁሉ ማሽን የተከሉት ጎረቤቴ በኮባ ቅጠል የሚያደርጉትን ለማድረግ ነው፤ አጠጥቶ ማስተንፈስ።

ውሃ ለምን ያፍናል? ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚጓዘው በአየር ውስጥ ከሚጓዘው ወደ 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት ስለሆነ ነው። በምዕራፍ 3 እንዳየነው ጥሩ አፈር ትላልቅና ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ከዝናብ በኋላ ውሃው ከትላልቆቹ ይወርድና ቦታውን ለአየር ይለቃል፤ በትናንሾቹ ውስጥ ያለው ውሃ ይቀራል። ዘር የሚፈልገው ይህን ቤት ነው፤ ግድግዳው እርጥብ፣ ክፍሉ ባዶ። በየጠዋቱና በየማታው የሚደፋ ጆግ ትላልቆቹን ክፍሎች ሳያቋርጥ ይሞላቸዋል። ዘሩ ዙሪያውን በቀጭን የውሃ ግድግዳ ይታጠርና ከአየር ይለያል።

አየር ያጣ ዘር ወዲያው አይሞትም። ስኳሩን ያለ ኦክስጅን ለማብላላት ይሞክራል። ያን ጊዜ የሚያገኘው ጉልበት እጅግ ትንሽ ነው፤ ትርፉም አልኮል ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ጎረቤቴ ያሸተቱት ፍሬ በራሱ ስኳር ጠላ መጥመቅ ጀምሮ ነበር። የኮመጠጠውን ጠረን የጨመሩት ደግሞ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ከፍሬው የፈሰሰውን ስንቅ ሊሻሙ የመጡ። “ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል” የሚለው አባባል ስለ ወንዝ ቢነገርም በጆግ ለምናጠጣውም ይሠራል።

አፈርዎ ለዘር ዝግጁ መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ከጣት ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር ይዝገኑና ጨብጠው ይልቀቁት። በጣቶችዎ መሃል ውሃ ከወጣ ታፍኗል፤ ይጠብቁ። ሳይያያዝ ከተበተነ ደርቋል፤ ያጠጡ። ተያይዞ ቆይቶ በአውራ ጣት ሲነካ ከፈረሰ ዛሬውኑ ይዝሩ።

ቦሎቄና ባቄላ፦ ስንቁን ይዞ የሚወጣና ትቶ የሚወጣ

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው አስፋልት የተጓዘ ሰው ዴራን ሲያልፍ ሙቀት ይሰማዋል፤ ኢተያን አልፎ አሰላ ሲገባ ጃኬት ይፈልጋል። ዴራ በ1,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ከጀርባዋ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚነሣው ጭላሎ ተራራ ቆሟል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በ6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል 4 ወይም 5 ዲግሪ ልዩነት አለ። ለሰው የሹራብ ጉዳይ ነው። ለዘር ግን በሳምንት መብቀልና አፈር ውስጥ መበስበስን ሊለይ ይችላል።

ቦሎቄ የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ሞቃት አገሮች ነው። አፈሩ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ የሚመቸው ከ20 እስከ 30 ባለው ውስጥ ነው። ባቄላ ደግሞ የቅርብ ምሥራቅ ልጅ ነው፤ የዝናብ ወራት ብርድ ለምዷል፤ ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ባለ አፈር ውስጥም መንገዱን ይጀምራል። ስለዚህ ባቄላ በደጋው፣ ቦሎቄ በስምጥ ሸለቆው መስፈራቸው ድንገት አይደለም። ፎሶሊያም ቦሎቄ ነው፤ በአረንጓዴነቱ ለቆባው ሲባል የሚለቀም ያው አንድ ዝርያ። አሰላ ላይ ፎሶሊያ ጓሮው የሚዘራ ሰው ከፀሐይ ጋር የሚውል የግድግዳ ሥር ቢመርጥና መደቡን ከፍ ቢያደርገው ይሻለዋል። ከፍ ያለ መደብ ውሃው ይወርድለታል፤ ውሃው የወረደለት አፈር ደግሞ ቶሎ ይሞቃል።

የሁለቱ ልዩነት በሙቀት አያበቃም። አወጣጣቸውም ይለያያል።

ቦሎቄ ሥሩን ከሰደደ በኋላ፣ በሥሩና በክኮቹ መካከል ያለው አንገት ይረዝማል። አንገቱ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ እንደ ከዘራ እጀታ ይቆለመማል። አፈሩን የሚገፋው ቆልማማው ጀርባ ነው፤ ሁለቱ ክኮች ከኋላ እየተጎተቱ ይከተላሉ። ብርሃን ሲያገኝ ከዘራው ይቃናና ክኮቹ አየር ላይ ይከፈታሉ። ቦሎቄ ስንቁን ሁሉ ተሸክሞ የሚወጣ መንገደኛ ነው።

ባቄላ ስንቁን ቤት ትቶ ይወጣል። ክኮቹ እዚያው አፈር ውስጥ ይቀራሉ፤ የሚወጣው ቀጭን ቡቃያ ብቻ ነው። ምግቡ ከታች ይላክለታል።

ይህን ያወቀ ሰው ብዙ የጓሮ እንቆቅልሽ ይፈታለታል። ቦሎቄ ሸክም ስላለበት ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ መቀበር አለበት፤ ባቄላ ግን ከ5 እስከ 8 ቢሆን ይችለዋል። የባቄላ ቡቃያ በወፍ ቢቆረጥ አፈር ውስጥ ከቀረው ክክ አጠገብ ሌላ እንቡጥ ሊልክ ይችላል። ቦሎቄ አንገቱ ከክኮቹ በታች ከተቆረጠ ግን አበቃ፤ እንቡጦቹ ሁሉ ከላይ ነበሩ።

ዴራን ከሁሉ በላይ የሚመለከታት ቅርፊት ነው። የስምጥ ሸለቆው ደቃቅ አፈር ከባድ ዝናብ ሲመታው ላዩ ይላቁጥና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ቂጣ ይደርቃል። ይህ ቅርፊት ሁለት ክፋት አለው፤ የአየሩን በር ይዘጋል፤ የቦሎቄን አንገት ደግሞ ይሰብራል። አፈር ሥር አንገቱ ተሰብሮ ክኮቹ ተለይተው ካገኙ ዘሩ አልከዳዎትም፤ ጣሪያው ነው የወደቀበት። መፍትሔው ቀላል ነው። ከዘሩ በኋላ መደቡ ላይ ስስ ገለባ ይበትኑ፤ የዝናቡን ጠብታ ይቀበለዋል። ቅርፊት ከሠራ ደግሞ በዶማ አይንኩት፤ በእጅ ውሃ እርጭ እርጭ አድርገው ያለስልሱት። በአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ፍሬ መጨመርም ይረዳል፤ ተጋግዘው ይገፉታል።

ዘሩን አስቀድመው ይፈትኑት

እስካሁን ስለ አፈር ነው የተናገርነው። ፍሙ ራሱ ጠፍቶ ከነበረስ?

የገበያ ቦሎቄ ለወጥ እንጂ ለዘር ተብሎ አልተዘጋጀም። በጣም ደርቆ በዱላ የተወቃ ፍሬ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ጽንሱ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ለዘር የሚሆነውን ከቆባው በእጅ ፈልፍሎ ማስቀመጥ የሚሻለው ለዚህ ነው። ነቀዝ ደግሞ ክኩን ይበላል፤ ማለትም ስንቁን ይሰርቃል። አንድ ቀዳዳ ያለው ፍሬ ሊበቅል ይችላል፤ ነገር ግን መንገዱን የሚጀምረው በግማሽ ስንቅ ነው። ሙቀትና እርጥበትም ዘርን ያስረጃሉ። የዘር አስቀማጮች አንድ የቆየ ግምት አላቸው፤ የማስቀመጫው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሲቀንስ ወይም የዘሩ እርጥበት ከመቶ አንድ ሲቀንስ የዘሩ ዕድሜ እጥፍ ይሆናል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከተሰቀለ ከረጢት ይልቅ ወለል አጠገብ ጥላ ውስጥ የተቀመጠ፣ በደንብ የደረቀና የተከደነ ዕቃ ይመረጣል።

በተሻሻለ ዘር ረገድ የዴራ ሰው ዕድለኛ ነው። አዳማ አጠገብ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ለቆላማው አካባቢ ቦሎቄ ሲያወጣ ኖሯል፤ አዋሽ 1 እ.ኤ.አ. በ1990፣ አዋሽ መልካ በ1999፣ ናስር በ2003 ተለቅቀዋል። ወደ ላይ ሲወጡ፣ አሰላ ሳይደርሱ፣ ለደጋው ሰብል የሚሠራው የቁሉምሳ ማዕከል አለ። ይሁን እንጂ የትኛውም ዝርያ ቢሆን ታፍኖ አይበቅልም፤ የትኛውም ዘር ቢሆን ሳይፈተን አይዘራም።

ፈተናው እንዲህ ነው። 20 ፍሬ ሳይመርጡ ይዘግኑ፤ መልካም መልካሙን ከመረጡ ራስዎን ያታልላሉ። ንጹሕ ጨርቅ ያርሱና ውሃ እስከማይንጠባጠብ ድረስ ይጭመቁት። ጭመቃው ዋናው ነገር ነው፤ አየሩ የሚገባው በዚያ ነው። ፍሬዎቹ ሳይነካኩ ይደርድሯቸው፤ ጨርቁን ጠቅልለው አፉ ያልታሰረ ፌስታል ውስጥ ያድርጉና ሞቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡት። በየቀኑ ከፍተው አየር ያስገቡለት። በሳምንቱ ጤናማ ሥር ያወጡትን ይቁጠሩ። ከ20ው 16 ከሆኑ ከመቶ 80 ነው። ያን ጊዜ 40 ቡቃያ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ 50 ፍሬ መዝራት አለበት፤ አፈር እንደ ጨርቅ ስለማይራራ ጥቂት ቢጨምር ይመረጣል። ከ20ው 8 ብቻ ከሆኑ ዘሩን ወደ ድስት ይመልሱት።

ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቀኑንም ይመልከቱ። ሁሉም በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ተያይዘው ሥር ካወጡ ዘሩ ብርቱ ነው። አንዱ ዛሬ፣ ሌላው ከነገ ወዲያ እያሉ ከተንጠባጠቡ አርጅቷል።

ጓሮ ስንመለስ

አሁን ሁሉንም በአንድ መደብ ላይ እናገናኘው። መደቡን ከዘር ቀን በፊት ባለው ቀን ያጠጡት እንጂ ከዘሩ በኋላ አይደለም፤ ትላልቆቹ ቀዳዳዎች ሌሊቱን ውሃቸውን አራግፈው ለአየር ይከፈታሉ። በማግሥቱ በጭብጥ ይፈትኑት። በመሥመር መካከል 40፣ በዘር መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። ለቦሎቄ ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ያህል ያስገቡ፤ ፍሬውን ያስቀምጡና አፈር ይመልሱ። በመዳፍዎ ጫን ያድርጉት፤ ፍሬው አፈሩን ካልነካ አይጠጣም። በእግር ግን አይርገጡት፤ አየሩን ያስወጡበታል። ያልበሰበሰ ፍግና ማዳበሪያ ፍሬውን እንዳይነኩ ያድርጉ፤ የማዳበሪያ ጨው ከዘሩ ጋር ውሃ ይሻማል። ገለባ ይበትኑና ይተዉት።

መተዉ ከሁሉ ይከብዳል። ጣትዎን እስከ መጀመሪያው አንጓ ሲያስገቡ እርጥበት ከተሰማዎት ጆጉ ባለበት ይቆይ። በዴራ ሙቀት ቦሎቄ ከአምስት እስከ ስምንት ቀን ውስጥ ይታያል። አሰላ ላይ ባቄላ ሁለት ሳምንት ቢወስድ አይደናገጡ።

እኔም በሐምሌ መጀመሪያ ያንኑ የበሩን መደብ መልሼ ዘራሁት። ዙሪያውን ቆፍሬ ከመተላለፊያው አንድ ስንዝር ከፍ አደረግኩት፤ ብስባሽ ቀላቀልኩበት፤ ገለባ በተንኩበት፤ ጆጉንም ጎረቤቴ ዘንድ አስቀመጥኩ፤ እጄን ስለማላምነው።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ገለባውን ገለጥ ሳደርግ አፈሩ በየቦታው ስንጥቅጥቅ ብሏል። በአንዱ ስንጥቅ ውስጥ ነጣ ያለ አረንጓዴ ከዘራ አየሁ፤ ጀርባው ወጥቷል፤ ክኮቹ ገና ከአፈር ጋር እየታገሉ ነው። ከጎኑ ሌላ። እስከ ዐሥረኛው ቀን 35 ቆጠርኩ።

ጎረቤቴ የብቅል ወንፊት እንደያዙ በአጥሩ ክፍተት ብቅ አሉ። በቀሉ ወይ ብለው አልጠየቁኝም።

“ተነፈሱልህ?” አሉ።

“ተነፈሱ፣ እትዬ። ጆጉን ግን እዚያው ያቆዩልኝ።”